ከራጉኤል ጀርባ ያለችው መንገድ

ባለፈው ሰሞን የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ጡረተኞቹን ሰብስቦ ሻይ ጋብዞን ነበር። ከሻዩ በፊት ገለጻ አለ ተባለ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ባለሙያ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ ሰው ከሚሠራበት አጠገብ የሚኖርበት፣ ልጁን በእግሩ ትምህርት ቤት የሚያደርስበት፣ ዳቦ ለመግዛት ታክሲ የማይጠብቅበት ሰፈር በከተማ ደንብ እንዴት እንደሚፈጠር አስረዳን። «ቅይጥ አገልግሎት ይባላል፤ ለእኛ አገር አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ነው» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው የድሮ ባልደረባዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጁም በትሕትና፣ «እማማ፣ ጥያቄ አለዎት?» አለኝ። ጥያቄስ አልነበረኝም። የነበረኝ ወሬ ነው፣ ያውም ረጅም። ሻዩ ይቀዘቅዛል ብዬ ተውኩት። እዚህ ግን የሚቀዘቅዝ ነገር ስለሌለ ልናገረው።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። የሥራ ዘመኔን ከሞላ ጎደል የጨረስኩት የከተማ ፕላን በሚነደፍበት ክፍል ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ በነዳፊነት፣ ኋላ በመሬት አጠቃቀም ባለሙያነት። የመሬት አጠቃቀም ደንብ ማለት የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለፋብሪካ ይሁን ብሎ የሚወስን ነገር ነው። ስለ ደንብ ሲነሣ ሰው ያዛጋል፤ አውቃለሁ፣ ባለቤቴም ያዛጋ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ሥራው ይደርስ እንደሆነ፣ ወይስ በዝናብ አውቶቡስ ሲጠብቅ ይውል እንደሆነ የሚወስነው ያ የሚያስዛጋው ደንብ ነው።

የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብዬ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ተቀጠርኩ። ሴት ስለነበርኩ መጀመሪያ የወረወሩኝ መዝገብ ቤት ነው። እዚያ አቧራ ስጠርግ ከርሜ፣ ካርታ ላይ የሰፈር ስም የሚጽፈው ሠራተኛ ሲታመም ተጠራሁ፤ ሰውየው ሲድን ቦታውን አላስመለሰም። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም፤ ሥራው ግን ገና ያን ዕለት ልቤ ውስጥ ገባ። ከሥሩ ያለውን በሚያሳይ ስስ ወረቀት ላይ በቀለም መስመር መሳብ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ስሕተቱን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጎ መፋቅ፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ ቀለሙን ብቻ ማንሣት! ምላጭ አያያዜን አይቶ የማያደንቅ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው።

ነዳፊዎች አዳራሽ ስገባ የተሰጠኝ ጠረጴዛ ከጋሽ ደምሴ ጎን ነበር። ጋሽ ደምሴ ያኔ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ የኮታቸው ኪስ በእርሳስ ቁራጭ የተወጠረ የፕላን ባለሙያ ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው መጥተዋል፤ ስለ ውጭ አገር ሲያወሩ የሰማኋቸው ግን ስለ ጫማ ብቻ ነው፤ እዚያ የገዙት ጫማ መርካቶ ላይ አንድ ክረምት እንዳልከረመላቸው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ስትመጣ ሌላው ወንበር ሲሻማ እሳቸው ባርኔጣቸውን አጥልቀው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ቀድመው ይደርሳሉ።

መጀመሪያ መስክ ይዘውኝ የወጡ ቀን ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርጌ ነበር። መርካቶ እንደገባን ከአትክልት ሻጮቹ አንድ ዘንቢል ሙሉ ሽንኩርት ገዙና አንጠልጥለው ሰጡኝ።

«ምን ላድርገው ጋሼ?»

«ያዢውና ነይ።»

ከሶማሌ ተራ እስከ ራጉኤል በየጉራንጉሩ አዞሩኝ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊት ፊት፣ እኔ ዘንቢሉን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እየቀያየርኩ ከኋላ። ሴት አያውቁም፣ ሰው አያውቁም፣ ዕብድ ናቸው እያልኩ በሆዴ ስረግማቸው ነበር። ጉብኝቱ ሲያበቃ አንድ ደረጃ ላይ አስቀመጡኝና ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«በይ ንገሪኝ። የት የት ላይ ቆምሽ?»

እጄን ለመቀየር የቆምኩበትን፣ ጥላ ያገኘሁበትን፣ ድልድይ የሌለውን ቦይ ስዘል ልወድቅ የነበረበትን፣ አንዲት ሴትዮ በርጩማዋን ስባ መንገድ የለቀቀችልኝን፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን በእርሳስ ነጥብ አደረጉት። «ባዶ እጅሽን ብትሄጂ ኖሮ ይኼን ሁሉ አታይም ነበር» አሉኝ። ሽንኩርቱንም ሰጡኝ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መሥሪያ ቤቴ ክፉ አትናገርም።

ሲነድፉም እንደዚሁ ነበሩ። ሌላው ባለሙያ መጀመሪያ ቤት ይስልና የተረፈውን ቦታ መንገድ ይለዋል። ጋሽ ደምሴ ግን መጀመሪያ ሰው የሚረግጠውን በእርሳስ ይስላሉ፤ ግድግዳው ከዚያ ይከተላል። የሰፈር ሰው ሲያገኙ የሚጠይቁትም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዳቦ ከየት ትገዣለሽ፣ ውሃ ከየት ትቀጃለሽ፣ የት ትጸልያለሽ፣ ልጅ ሲታመምብሽ ወዴት ትሮጫለሽ? መልሱ ሁሉ በእግር የሚደረስ ከሆነ፣ «እዚህ ሰፈር ስንገባ ጫማችንን እናውልቅ» ይሉኛል፤ ሳያበላሹ መግባት ማለታቸው ነው።

ደርግ መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ቀበሌ ተቋቋመ፣ እኛም ከአቶና ከወይዘሮ ወደ ጓድ ተሸጋገርን። ትልልቅ ሥራ የሚታሰብበት ጊዜ ነበርና ለመርካቶ አዲስ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ይዘጋጅ ተባለ። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ታፈሰ ነበሩ። ክፉ ሰው ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ፣ ጉቦ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ለማንም አያዳሉም። ችግራቸው ጥርት ያለ ነገር መውደዳቸው ነበር። በእሳቸው ፕላን ቀይ ንግድ ነው፣ ቢጫ መኖሪያ ነው፣ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው፤ አንድ ቦታ አንድ ቀለም። መርካቶ ቀይ ይሁን፣ ነዋሪው ከተማው ዳር ወደሚሠራለት ቢጫ ሰፈር ይሂድ፣ ጉራንጉሩ ይደፈንና መጋዘን ይሠራበት፣ በሰፋፊው መንገድ የጭነት መኪና ይግባ። በወረቀት ላይ እንዴት ያምር እንደነበር! የቀባሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

የትኛው ጉራንጉር እንደሚደፈን ለመወሰን ቆጣሪ ቡድን ተላከ። በየመንገዱ ቆመው የሚያልፈውን ሰው ቆጠሩ። ከሶማሌ ተራ ወደ መስጊዱ በኩል የምታስወጣ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ የቆጣሪዎቹ ሪፖርት ሰው አያልፍባትም አለ። ጋሽ ደምሴ፣ «ይቺን መንገድ እኔ አውቃታለሁ፣ ስሕተት አለ» ብለው በስብሰባ ላይ ተናገሩ። ጓድ ታፈሰ ግን ቁጥር ቁጥር ነው አሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ በእጃችን ሌላ ቁጥር አልነበረም። መንገዷ ተዘጋች፣ ከጫፍ እስከ ጫፏ መጋዘን ተገነባባት።

ከሥራ ዘመኔ የሚያመኝ ይህ ነው። ተገንብቶ ሳያልቅ ከጋሽ ደምሴ ጋር ሄድን። በዚያች መንገድ ተሸክሞ የሚያልፈው ሁሉ አሁን በዋናው መንገድ በጭነት መኪና መሐል እየተሹለከለከ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳሉ። በመንገዷ መሐል አነስተኛ ሱቅ የነበረው አንድ ጫማ ሰፊ ነበር፤ እኔም አንዴ ተረከዝ አስመትቼበታለሁ። በሩ ፊት የመጋዘኑ ግድግዳ ቆሟል። ሰውየው መዶሻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ያያል። «ደንበኞችህስ?» አልኩት። «በየት ይምጡ? በግድግዳ ውስጥ?» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ሙያውን ተወና የዚያው መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ያን የሰማሁ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስሕተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያውም የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ። ከቆጣሪዎቹ አንዱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቡድኑ ሰሞኑን ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ፎቷቸው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበርና ወሬው ሁሉ ስለዚያ ነው።

«ምን አድርጋችሁ ነው የተሸለማችሁት?» አልኩት።

«የምሳ ሰዓታችንን ሠውተን ነዋ! መኪናዋ ለእኛ የምትደርሰን አርብ ብቻ ነው። የአርብ ምሳ ደግሞ ታውቂያለሽ ረጅም ነው። ሌላው ሲበላ እኛ መርካቶ ቆመን ስንቆጥር።»

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ጋሽ ደምሴን ፍለጋ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት።

«ጋሼ፣ የቆጠሩት አርብ ነው።»

«አርብ?»

«አርብ። በምሳ ሰዓት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በጁምዓ ሰዓት» አሉ ቀስ ብለው። የሶማሌ ተራ ነጋዴ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በዚያ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጥሎ መስጊድ ነው። ተሸካሚውም ዕቃ የሚጭንለት ስለሌለ ያርፋል። ትጉዎቹ ልጆቻችን ሰፈሩ ሁሉ ሰግዶ እስኪወጣ ድረስ ባዶውን ሲቆጥሩ ቆይተው ሰው የለም ብለው ተመለሱ። ጋሽ ደምሴ መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ድንገት አቆሙና፣ «ያ ጫማ ሰፊ» አሉ።

የተዘጋው ተዘግቷል። ያው ቡድን በዚያው አርብ የቆጠራት ሌላ መንገድ ግን ገና አልተነካችም ነበር፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለችው። እሷም ወረቀታችን ላይ ትደፈን ተብላለች። በዚህች መንገድ ከጎጃምና ከሸዋ የመጡ ክርስቲያን ባለ ሱቆች፣ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ልብስ ሰፊዎችና ነጋዴዎች ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ፊት ለፊቱ ሱቅ ወይም መሥሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ። ከእነዚህ አንዷ እትዬ ሐዋ ናት።

እትዬ ሐዋ ባሏ የሞተባት የወሎ ሴት ናት። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሴት ቀሚስና የልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። በኋለኛው ክፍል እናቷ ተኝተዋል። አሮጊቷ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ ጎናቸው እንዳይቆስል በየጊዜው ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሲፈልጓት «ሐዋ» ይላሉ፣ ይቺ መኪናዋን ታቆምና ትገባለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ውሃ ታቀምሳቸዋለች፣ ተመልሳ ስፌቷን ካቆመችበት ትቀጥላለች። መንገዷ ከተዘጋች ደንበኛ የለም። ሰፈሩ ቀይ ከሆነ ደግሞ ቤቷ ከተማው ዳር፣ የስፌት መኪናዋ እዚህ ይሆናል። ፕላናችን እትዬ ሐዋን ለሁለት ሊቆርጣት ነበር ማለት ነው፤ ሌላው በመንገድ የሚያጠፋው ሰዓት ነው፣ ለእሷ ግን እናቷ ናቸው ብቻቸውን የሚቀሩባት።

እንደገና ቆጠርን፣ አሁን ግን በጋሽ ደምሴ ሥርዓት። አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንድ አርብ ሙሉውን፣ የራጉኤል ወርኃዊ በዓል በሚውልበት በወሩ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ። እኔ የእትዬ ሐዋ ደጃፍ ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ። ባዶ እጁን የሚያልፈውን ለብቻ፣ ሸክም ያለውን ለብቻ፣ ልጅ የያዘችውን ለብቻ እመዘግባለሁ። በተራው ቀን እርሳሴ አልደርስ አለችኝ። እትዬ ሐዋ ከመኪናዋ ቀና ብላ፣ «ጥሩዬ፣ ይኼን ሁሉ ሰው ጽፈሽ ምን ልታደርጊው ነው? ልትቀልቢው ነው?» ትለኛለች። በበዓሉ ቀን ነጠላ የለበሰውና ከመስጊድ የሚመለሰው ተጋፍቶ ሲያልፍ መቁጠሩን ተውኩና እግሬን ሰበሰብኩ።

አሁን ፕላኑን ማረም ነበረብን። ቀለም ቸገረን። ንግድም መኖሪያም ለሆነ ቦታ የሚሆን ቀለም በፕላኑ የቀለም መግለጫ ላይ የለም። ጋሽ ደምሴ ትንሽ አሰቡና ቀይና ቢጫውን በሰያፍ መስመር አጠላልፌ እንድስል አዘዙኝ። መስመር በመስመር፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፤ አንዷም ሳትጣመም ጨረስኳት። ዛሬ ኮምፒዩተር በአንድ ጠቅታ ያደርገዋል ይሉኛል። ያድርገው፤ የእኔን ያህል አያምርም።

ስብሰባው ላይ ጓድ ታፈሰ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አዩትና፣ «ጓድ ደምሴ፣ ይኼ ፕላን ነው ወይስ ጥለት?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከጎናቸው የተቀመጠ አንድ ካድሬ ደግሞ ቤትና ሱቅ አንድ ላይ ማድረግ የንዑስ ከበርቴ አኗኗር ነው፣ ሠራተኛው ቤቱ ሄዶ ማረፍ አለበት ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። እኔ ስለ እትዬ ሐዋ አንዲት የስፌት መኪና አሰብኩና ደሜ ፈላ፤ ልናገር ስነሣ ጋሽ ደምሴ ክንዴን ያዙኝ።

«ጓድ ታፈሰ» አሉ በረጋ ድምፅ፣ «የመጀመሪያው ቆጠራ በጁምዓ ሰዓት የተደረገ ነው። አዲሱ ቆጠራ ከፊትዎ ነው። ቁጥሩን አልቀበልም ካሉ ግን ማክሰኞ ጠዋት አብረውኝ በእግር ይምጡ። አይተው ትዘጋ ካሉ መስመሩን በገዛ እጄ እስባለሁ።»

ጓድ ታፈሰ የአርቡን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ፤ የሸለሙት እሳቸው ነበሩ። «እመጣለሁ» አሉ። «ጊዜዬን ካባከኑብኝ ግን ክፍለ ሀገር ውስጥ ሥራ ይፈለግልዎታል።» በዚያን ጊዜ ይህ ቀልድ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ባለ ብዙ ልጅ ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ጓድ ታፈሰ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። መኪናቸው ዋናው መንገድ ላይ በጭነት መኪና ተከባ ቆመች፤ ወርደው ወደ እኛ በእግራቸው ደረሱ። ጋሽ ደምሴ ዘንቢል ሽንኩርት ይዘዋል። ለእኔ የሚሰጡኝ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ አለፉኝና፣ «ጓድ ታፈሰ፣ እስቲ ይቺን አንዴ ይያዙልኝ፣ ጫማዬን ልሰር» አሉ። ሰውየው ሳያስቡት ተቀበሉ። ጋሽ ደምሴ ጫማቸውን አሰሩ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ዘንቢሉን ሳይቀበሉ ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ። ሳቄን ለመዋጥ ያየሁትን ስቃይ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጓድ ታፈሰ ኩራታቸው «እንኩ» ለማለት አልፈቀደላቸውም። መንገዷ ያን ዕለት ሞልታለች። ቦንዳ ልብስ የተሸከመ ከፊት፣ ቆርቆሮ የተሸከመ ከኋላ፣ ከትምህርት ቤት ለረፍት የወጡ ልጆች በመሐል። ሰውየው ዘንቢሉን ከእጅ ወደ እጅ ቀየሩት። ደግመው ቀየሩት። በመጨረሻ ላባቸው ጠብ ሲል አንድ ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ የእትዬ ሐዋ ደጃፍ ነበር። እኛ አላቀድነውም፤ ሰው ሁሉ እጁን የሚቀይረው እዚያ ጋ ነው፣ ደፍ አለና ጥላ አለ።

«ግባ ልጄ፣ አረፍ በል» አለቻቸው እትዬ ሐዋ። ማን እንደሆኑ አላወቀችም፤ ሸክም የከበደው ሰው ነው ያየችው። ጓድ ታፈሰ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እሷ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ከኋላ «ሐዋ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። መኪናዋን አቆመች፣ ገባች፣ ተመለሰች፣ ሰፋች። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ዩኒፎርሙን ወሰደች። ደግሞ «ሐዋ» ተባለ፤ ደግማ ገባች። ጓድ ታፈሰ መጋረጃው ሲገለጥ አሮጊቷን አዩ።

«እናትሽ ናቸው?»

«አዎ፣ ወላሂ፣ እድሜ ይስጣትና ተኝታለች።»

«ይኼ ቦታ ለእሳቸው ይጨንቃል። ዳር ላይ አዲስ ሰፈር ይሠራል፤ ግቢ ያለው፣ አየር ያለው። እዚያ ትኖራላችሁ።»

እትዬ ሐዋ መኪናዋን አቆመች። «መኪናዬስ?»

«ሥራሽ እዚሁ ይሆናል። አውቶቡስ ይመደባል።»

እኔንም ጋሽ ደምሴንም አላየችም። ሰውየውን ብቻ እያየች፣ በንዴት ሳይሆን እንዲሁ ለማወቅ ፈልጋ ጠየቀች፤ «አውቶቡስ ላይ ሆኜ ስትጠራኝ እሰማታለሁ?»

ጓድ ታፈሰ ዞረው መጋረጃውን አዩት። ከዚያ ተነሥተው ዘንቢሉን ራሳቸው አነሡና እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ተሸክመው ሄዱ። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ዘንቢሉን ለጋሽ ደምሴ መልሰው፣ «አንድ ገጽ ደንብ ጽፋችሁ አምጡልኝ። ግልጽ ይሁን» አሉ።

ያን ገጽ የጻፍነው እኔና ጋሽ ደምሴ ነን። በሥራ ዘመኔ ካደረግሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። በሰያፍ በተቀባው ቦታ ከፊት ሥራ፣ ከኋላ ወይም ከላይ መኖሪያ ይፈቀዳል አልን። በእግር የሚታለፍባቸው መንገዶች አይደፈኑም፤ አዲስ የሚሠራም በመሐሉ መተላለፊያ ይተዋል አልን። ሱቅ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዙር፣ ቦይ ይከደን አልን። የመንገዱ ስፋት ላይ ተከራከርን። እኔ በሜትር ብቻ እንጻፈው ስል ጋሽ ደምሴ፣ ሜትሩን ያነበበ ሁሉ ለምን እንደሆነ አይገባውም አሉ። ስለዚህ ከሜትሩ ቀጥለን፣ ሸክም ያላቸው ሁለት ሰዎች ጎናቸውን ሳያዞሩ የሚተላለፉበት ብለን ጻፍን። ይህቺ ዓረፍተ ነገር የእኔ ናት። ሁሉም ከሁሉም ይደባለቅ ግን አላልንም። የነዳጅ ማከማቻ፣ ቆዳ የሚነከርበት፣ እሳትና ጭስ ያለበት ሥራ ከሰው መኝታ አጠገብ እንዳይሆን አጥብቀን ከለከልን፤ ጋሽ ደምሴ በዚህ ላይ ከጓድ ታፈሰም ይብሱ ነበር።

ደንቡ ሲጸድቅ የእኛ ስም የለበትም፤ የጓድ ታፈሰ ፊርማ ነው ያለው። ተናደድኩ። ጋሽ ደምሴ እርሳሳቸውን እየቀረጹ፣ «መንገዷ ክፍት ናት አይደል? ታዲያ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ወደ መስጊዱ ለምታስወጣዋ መንገድ ግን አልደረስንላትም። መጋዘኑ ይፍረስልን ብለን ደጋግመን ጠየቅን፤ የመንግሥት ሀብት ተብሎ ቀረ። ጫማ ሰፊው በዘበኝነት አረጀ። አሁንም በዚያ በኩል ሳልፍ ግድግዳውን አላየውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አለቃ መጣ፣ ብዙ ሄደ። ጋሽ ደምሴ በክብር ጡረታ ወጡ። እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ፣ መንግሥትም ተለወጠ፣ ያን ደንብ ያሻሻሉም የረሱትም ነበሩ። አዲስ ነዳፊ በመጣ ቁጥር ዘንቢል አስይዤ መርካቶን አዙሬአለሁ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አላናገሩኝም። የእኔ ሥራ ምን ነበር ብዬ ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ደንቡ የጸደቀበት ሳምንት ነው።

ለእትዬ ሐዋ ራሴ ልንገራት ብዬ ሄድኩ። ለዚህ ብዬ ጥሩ ቀሚሴን ለብሻለሁ። መኪናዋ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት።

«እትዬ ሐዋ፣ መንገዱ አይዘጋም። እናንተም የትም አትሄዱም። ደንብ ሆኖ ወጥቷል።»

እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ። «በአላህ በይ?»

«በእግዚአብሔር።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ለእናቷ ስትነግራቸው ሰማሁ፤ አሮጊቷ ጆሯቸው ስለደከመ እየጮኸች ነው የነገረቻቸው፣ «እማ! እዚሁ ነን! እዚሁ ነን!» እያለች። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። መንገዱ መሐል ቆሜ እንባዬን በመሐረብ እየጠረግሁ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ የነደፍኳት መንገድ ናት፤ ሳላፍር አለቀስኩባት።

«አንቺ ሴትዮ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አንድ ተሸካሚ ከራሱ የሚበልጥ ቦንዳ ተሸክሞ ቆሟል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። «መንገዱ የአባትሽ ነው እንዴ? ዞር በይ እንጂ፣ ሰው ይለፍበት!»

ይቅርታ ብዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩለት። ወዲያው ከማዶ ሌላ ተሸካሚ መጣ፤ ሁለቱም ጎናቸውን ሳያዞሩ ተላለፉ። ከእትዬ ሐዋ ቤት የስፌት መኪናዋ ድምፅ እንደገና ተጀመረ። እንደዚያ ቀን ተሰድቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም።